አራት ገጽ ቅናት

ቅናተኛ መሆኔን አስቀድሜ ልናገርና ይውጣልኝ። ሌላው ሰው ሲቀና «እኔ እንኳ ለእሱ አስቤ ነው» ይላል። እኔ እንደዚያ አልልም። ኑሬ የሚባል የከብት ደላላ አፉን በከፈተ ቁጥር ሆዴ እርር ይል ነበር፤ ያረረውም ለማንም ሳይሆን ለራሴ ነው።

ዘመኑ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሃያ ሦስት ዓመተ ምሕረት ነው። ኃይለየሱስ እባላለሁ፤ በአዳማ ባቡር ጣቢያ የጭነት ጸሐፊ ነበርኩ። ከዚያ በፊት ሦስት ዓመት ቅኔ ቤት ቆይቻለሁ። ይህን የምነግራችሁ ለጉራ አይደለም። እሺ፣ ለጉራም ነው።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ጣቢያው ጭር ሲል ጋሼ መሐመድሰዒድ ሱቅ እንሰበሰባለን። ጋሼ ከወሎ መጥተው ጨርቅና ስኳር የሚነግዱ፣ ጢማቸውን ሂና የሚቀቡ ሽማግሌ ናቸው። ቁርኣን ማንበብ ተምረዋል፤ የአማርኛ ፊደል ግን አያውቁም። ያም ሆኖ ታሪክ መስማት ነፍሳቸው ስለሆነ በየወሩ አንድ ልብ ወለድ ከአዲስ አበባ በባቡር ያስመጣሉ። በዚያ ጊዜ የታተመ ልብ ወለድ እንደ ልብ አይገኝም፤ አዲስ የጠፋ እንደሆነ ያለፈውን ደግመን እናነባለን። አንዱን መጽሐፍ በአራት እሁድ ከፋፍለን እንጨርሰዋለን። አንባቢው እኔ ነኝ። በሱቁ ውስጥ ያለችው አንዲት ባለ መደገፊያ ወንበርም የእኔ ናት፤ ሌሎቹ ጆንያና የጨርቅ ጥቅል ላይ ይቀመጣሉ።

ሌሎቹ ማለት ብዙ አይደሉም። የአክስቴ ልጅ አረጋሽ አለች፤ ባሏ የሞተባት፣ በስፌት መኪና ቀሚስ እየሰፋች የምትኖር፣ ከእኔ በአምስት ዓመት የምትበልጥና በአምስት ዓመቷም ልክ የምትቆጣኝ ሴት። በልጅነቷ ዳዊት ስለደገመች ቀስ ብላ ማንበብ ትችላለች። የሐዲድ ጠባቂው ኢተፋ አለ፤ ግማሹን ይሰማል፣ ግማሹን ያንቀላፋል፣ ፍርድ ላይ ግን ይነቃል።

ፍርድ ያልኩት ያለ ነገር አይደለም። እኛ አንድ ምዕራፍ ካለቀ በኋላ «ጥሩ ነው፣ መጥፎ ነው» ብለን አንበተንም። በመጽሐፉ ውስጥ ያጠፋውን ሰው እንከሰዋለን። አንዱ ከሳሽ ይሆናል፤ ሌላው ለተከሳሹ ጠበቃ ሆኖ ይቆማል። ልክ እንደ ደንበኛው ችሎት የሁለቱን የኩታ ጫፍ እንቋጥርና ፍርዱ እስኪሰጥ ድረስ ቁራኛ ይሆናሉ። ጋሼ ዳኛ ናቸው፤ ጨርቅ የሚለኩበትን ዘንግ መሬት ላይ ሲመቱ ነገሩ አለቀ ማለት ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ከሳሽም ብሆን ጠበቃም ብሆን የምረታው እኔ ነበርኩ። በበላ ልበልሃ ወግ ስንኝ እየደረደርኩ፣ ግዕዝ እየጠቀስኩ፣ ማንንም አላስቆምም። እስከ ኅዳር ድረስ ማለቴ ነው።

በኅዳር ኑሬ ከወለንጪቲ መጣ። ለሚስቱ ጨርቅ ሊገዛ ገብቶ እኔ ሳነብ አገኘኝና በር ላይ ቆሞ ቀረ። «አካም ጅርቱ» ብሎ ሰላምታ ሰጠና «ልስማ እንዴ?» አለ። ጋሼ ጆንያ አመለከቱት። ከዚያ ወዲህ እሁድ እሁድ ፈረሱን እየጋለበ መምጣት ሥራው ሆነ። ፊደል አልቆጠረም። ብዕር ይዞ አያውቅም። ሲናገር ድምፁን ከፍ አያደርግም፤ እጁንም አያወናጭፍም። ይኸው ሰውዬ በኅዳር አንድ ጊዜ፣ በታኅሣሥ ሁለት ጊዜ ረታኝ። አረጋሽ ደግሞ ቀድሞ እኔ ስናገር ስፌቷን እየቀጠለች ነበር የምትሰማው፤ ኑሬ ሲናገር መርፌዋን ጉልበቷ ላይ ታስቀምጣለች። እኔ ይህን አየሁ። ባላየው ይሻለኝ ነበር።

በጥር የመጣልን መጽሐፍ «የአደራው በቅሎ» ይባላል። ተድላ የሚባል ነጋዴ ወደ ጅማ ሲሄድ እጮኛውን ሽታዬንና በቅሎውን ለባልንጀራው ለጎሹ አደራ ሰጥቶ ይሄዳል። ጎሹ «ተድላ በወባ ሞተ» ብሎ ያስወራና ሽታዬን ያገባል። አምስት ዓመት ያልፋል። በሦስተኛው እሁድ እዚያ ድረስ አንብቤ ቆምኩ፤ የቀረው የመጨረሻው ምዕራፍ ብቻ ነበር። አረጋሽ ጎሹን ከሰሰች። ኑሬ ጠበቃ ሆነና ተቋጠሩ። ለጎሹ ምን ሊባልለት ይችላል? ዛሬስ ወደቀ ብዬ ተደላድዬ ተቀመጥኩ።

«ጋሼ፣ እኔ የማውቀው ከብት ነው፤ ስለዚህ ስለ በቅሎዋ ብቻ ልናገር» አለ ኑሬ። «ወንድማችን ኃይለየሱስ ባለፈው እሁድ ሲያነብ ‹ጎሹ ጠዋት ጠዋት ገብስ ይሰጣታል› አለ። ዛሬ ደግሞ ‹አቧራ የለበሰ ኮርቻዋን አራግፎ መልሶ ሰቀለ› አለ። አምስት ዓመት አበላት፤ አንድ ቀን ግን አልተቀመጠባትም። አደራ የሚበላ ሰው መጀመሪያ የሚሸጠው በቅሎዋን ነው፤ በገበያ ስንቱን አይቻለሁ። ጎሹ ያልሸጣት ባለቤቷ እንደሚመጣ ስለሚያውቅ ነው። ዋሽቷል፤ ግን አምስት ዓመት ሙሉ እየጠበቀው ነው። ተድላ ይመጣል። ኮርቻ ያልነካውን የበቅሎዋን ገላ ሲያይ ይህን ያውቃል፤ ሲያውቅም ይምረዋል።»

አረጋሽ የነጠላዋን ጫፍ ራሷ ፈታችና «ክሴን አንስቻለሁ» አለች። ኢተፋ እንኳ ነቅቶ ነበር።

እኔስ? ገብሱን ያነበብኩት እኔ ነኝ። ኮርቻውን ያነበብኩት እኔ ነኝ። ሁለቱም በእኔ አፍ አልፈው ሄዱ፤ እኔ ግን ምን ማለታችሁ ነው ብዬ አልጠየቅኋቸውም። ፊደል ያልቆጠረ ሰው መጽሐፉን ከእኔ በላይ አነበበው። ወደ ቤቴ ስሄድ በመንገድ ላይ ሰላም ላሉኝ ሰዎች አልመለስኩላቸውም።

አንባቢው ቀድሞ መጨረሻውን እንዳያይ ደንብ ነበረን። ሰኞ ዕለት በምሳ ሰዓት ጣቢያው ውስጥ ተቀምጬ ደንቡን አፈረስኩት። ኑሬ እንዲሳሳት ብቻ ነበር የምፈልገው። ተድላ ይምጣና ጎሹን ይግደለው፤ አለዚያም መንገድ ላይ ይሙት፤ ብቻ ኑሬ ያለው አይሁን። ገለጥኩ። ተድላ መጣ። በረት ገባ። የበቅሎዋን ገላ በእጁ ዳሰሰ፣ ኮርቻውን አየ፣ ተቀምጦ አለቀሰ፣ ከዚያም ጎሹን ማረው። ቃል በቃል ለማለት ትንሽ ነው የቀረው።

ይህን እሁድ ላይ በገዛ አፌ ላነብለት ነው። እኔ አነባለሁ፤ አረጋሽ ወደ እሱ ዞራ ታያለች፤ ጋሼ «ማሻአላህ!» ይላሉ። አይሆንም አልኩ። ጠረጴዛዬ ላይ የነበረውን የጭነት ወረቀት ገልብጬ በጀርባው ሌላ መጨረሻ መጻፍ ጀመርኩ። እስከ ቅዳሜ በየምሳ ሰዓቱ ጻፍኩ፣ ሰረዝኩ፣ ደግሜ ጻፍኩ። አራት ገጽ ወጣው።

በእኔ መጨረሻ ተድላ ይመጣል። በቅሎዋ አጥር ውጭ ታስራ ትግጣለች። በስሟ ይጠራታል፤ ጆሮዋን እንኳ አታነሳም። ሊነካት ሲጠጋ ትራገጣለች። በዚህ መካከል ጎሹ ከቤት ወጥቶ ሲያፏጭ በቅሎዋ አንገቷን ወደ እሱ ታዞራለች። ተድላ ይህን ሲያይ ማንነቱን መናገር ያቅተዋል። ሽታዬ ትወጣለች፤ ጢሙ አድጎ ፊቱ ጠቁሯልና አታውቀውም። ውኃ ይለምናታል። ትሰጠዋለች። ጠጥቶ «እግዜር ይስጥልኝ» ይላታል፤ ይሄዳል። ይቅርታም የለ፣ በቀልም የለ። ስጽፈው ማንንም ለማስለቀስ አላሰብኩም፤ ኑሬን ለማሳሳት ብቻ ነበር። እጄ ግን ከሐሳቤ በላይ ሄዶ ነበር መሰለኝ፣ ውኃው ላይ ስደርስ ብዕሩን አስቀምጬ መስመሩን ደግሜ አነበብኩት።

እሁድ አራቱን ገጾች በመጽሐፉ መካከል አስገብቼ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። መጽሐፉን ወደ ደረቴ አስጠግቼ አነበብኩ። በቅሎዋ ስትራገጥ ጋሼ «ኧረ!» አሉ። ሽታዬ ውኃውን ስትሰጠው አረጋሽ የነጠላዋን ጠርዝ ዓይኗ ላይ አደረገች። ጨርሼ መጽሐፉን ዘጋሁ። እኔ ኑሬን ብቻ ነበር የማየው።

ኑሬ ተነሣ። «ተሸነፍኩ» አለ። ፊቱ ላይ ቅሬታ የለም፤ እንዲያውም ደስ ብሎታል። «ዱጋ ነው፣ እውነቴን ነው የምላችሁ። እኔ በቅሎዋን ያየኋት በሰዎቹ በኩል ነው። ይህ ደራሲ ግን በበቅሎዋ በኩል አያት። አምስት ዓመት ያበላትን ትወዳለች እንጂ የባለቤትነት ነገር ምኗ ነው! እኔ ዕድሜዬን ከከብት ጋር ኖሬ ይህን አልያዝኩትም። የዚህን ሰው እጅ አላህ ይባርከው።»

ረታሁት። ለአንድ አፍታ ወንበሬ ላይ ተንፈላሰስኩ። ከዚያ ግን አንድ ነገር ታየኝ፤ የሚያመሰግኑት እኔን አይደለም። አረጋሽ «እንዲህ የሚጽፍ ሰው ምን ዓይነት ሰው ይሆን?» አለች። ኢተፋ «ትልቅ ሰው ነው፣ ሌላ ምን ይሆናል» አላት። ያ አዲስ አበባ የተቀመጠ፣ አይቼው የማላውቀው ሰውዬ በእኔ በቅሎና በእኔ ውኃ ሊከብር ነው። በኑሬ መቅናቴን ትቼ በእሱ መቅናት ጀመርኩ።

ጋሼ ዘንጋቸውን መቱ። «ለደራሲው ደብዳቤ እንላክ። ነገ ለባቡሩ ሰው እሰጠዋለሁ፤ ማተሚያ ቤቱ ያደርስልናል። ኃይለየሱስ፣ በል ጻፍ።»

ወረቀትና ብዕር ቀረበልኝ። ጋሼ «በአዳማ ያለን አንባቢዎችዎ እጅ እንነሳለን» አሉ፤ ጻፍኩ። አረጋሽ «ሽታዬ ውኃ ስትሰጠው እንደ ልጅ አለቀስኩ በልልኝ» አለች፤ ጻፍኩ። ኑሬ አሰበና «በቅሎዋ ባለቤቷን ያላወቀችበትን ቦታ የጻፈች እጅ አትድከም» አለ። እዚህ ላይ ብዕሩ ወረቀቱን ቀደደው።

ደብዳቤው ቢደርስ ሰውዬው «የምን ውኃ? የምን ርግጫ?» ብሎ እንደሚመልስና እንደምጋለጥ ገብቶኛል። እውነቱን ልንገራችሁ፤ እሱ አይደለም ያስጨነቀኝ። ያንን ምስጋና በእጄ ጽፌ ለሌላ ሰው መስጠት አቃተኝ።

«እኔ ነኝ የጻፍኩት!» ብዬ ጮኽኩ።

«አዎ፣ አንተ ነህ፤ ቀጥል እንጂ» አሉ ጋሼ፣ ደብዳቤውን ያልኩ መስሏቸው።

«መጨረሻውን! በቅሎዋን! ውኃውን! እኔ ነኝ የጻፍኩት ይኸው!»

ኢተፋ ሳቀ። «ቅኔ ቤቱ ተነሣበት» አለ። አረጋሽ ግን አልሳቀችም። መጽሐፉን ከጭኔ ላይ አንስታ ስትገልጠው አራቱ ገጾች መሬት ላይ ወደቁ። አነሣቻቸውና ገለበጠቻቸው። ክርና ቁልፍ በባቡር ሲመጣላት ሁልጊዜ የምፈርምላት የጭነት ወረቀት ነው። ጽሕፈቴንም ታውቀዋለች።

«በውሸት ነው ያስለቀስከኝ?» አለችኝ።

«ሁሉም እኮ ውሸት ነው፤ መጽሐፉም ፈጠራ ነው» አልኳት።

«የእሱ ውሸት በስሙ ነው። ያንተ ውሸት በሰው ስም ነው።» ይህን ብላ የነጠላዋን ጫፍ ከኩታዬ ጫፍ ጋር ቋጠረችው። ለጨዋታ እንደምናደርገው አልነበረም፤ አጥብቃ ነው የቋጠረችው።

ክሷን አቆመች። «ጋሼ፣ እኛ ገጹን አናይም፤ ዓይናችን እሱ ነው። እሱ የሌለውን አለ ብሎ አነበበልን፣ ያለውን ደብቆ። ከዛሬ ጀምሮ ከዚህ ወንበር ይነሣ። እሁድ እሁድም እዚህ ሱቅ አይምጣ።»

ጋሼ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ዘንጋቸው እያዩ «ጠበቃ አለህ?» አሉኝ። ኢተፋን አየሁት፤ ጫማውን ያያል። ራሴን ልከላከል አፌን ከፈትኩ፤ ያ ሁሉ ስንኝና ያ ሁሉ ግዕዝ የት እንደገባ እንጃ። ያለ ወንበሬና ያለ እሁዴ እኔ የጆንያ ጸሐፊ ነኝ፤ ሌላ ምንም አይደለሁም።

«እኔ እቆምለታለሁ» አለ ኑሬ።

ማንም ይሁን፣ እሱ ግን ባይሆን ብዬ ነበር።

«አስቀድሞ ግን እውነተኛው መጨረሻ ይነበብ» አለ።

አረጋሽ እንደተቋጠረች ከአጠገቤ ቆማ፣ ጣቷን መስመሩ ላይ አድርጋ፣ በዳዊት ዜማ እየጎተተች አነበበች። እኔ በሩብ ሰዓት የምጨርሰውን አንድ ሰዓት ፈጀባት። ተድላ መጣ፤ ገላዋን ዳሰሰ፤ አለቀሰ፤ ማረው። ሁሉም ወደ ኑሬ ዞሩ። ጋሼ «ማሻአላህ!» አሉ፤ ያንን ላለመስማት ነበር ሳምንት ሙሉ የደከምኩት። ኑሬ ግን ልክ በመሆኑ አልኮራም። ወደ ጋሼ ቀረብ አለና እንደ ልማዱ ድምፁን ሳያነሣ ተናገረ።

«ጋሼ፣ ይህ ሰው የሰረቀው የእኔን ነው። ልክ መሆኔን ነው የሰረቀኝ። ስለዚህ መክሰስ የሚገባኝ እኔ ነበርኩ፤ እኔ ግን አልከስም። ምክንያቴን ስሙኝ። ባለፈው እሁድ እዚህ ቆሜ ተናግሬ ነበር። እትዬ አረጋሽ፣ ምን እንዳልኩ ያስታውሳሉ?»

አረጋሽ አሰበች። «ስለ ገብስ የሆነ ነገር ነው፤ ብቻ ጥሩ ነበር።»

«ኢተፋ፣ አንተስ?»

«በጣም ጥሩ ነበር» አለ ኢተፋ።

«እናንተ አመሰገናችሁኝና ረሳችሁት። አልቀየምም። ቤቴ ስናገር ሚስቴ ሥራ አለብኝ ብላ ትነሣለች። ገበያ ስናገር ሰው የላሟን ጥርስ እንጂ እኔን አያይም። አርባ ዓመቴ ነው፤ ቃሌን ይዞ ወደ ቤቱ የሄደ ሰው አላውቅም። ይህ ሰው ግን አንዷንም ሳይጥል ይዟት ሄደ። ሳምንት ሙሉ ታገላት። አልሸነፍ ስትለው አራት ገጽ ጻፈባት። ክፋት ነው ትላላችሁ፤ ይሁን። ግን በዚህ ቤት ውስጥ እስከ መጨረሻው የሰማኝ እሱ ብቻ ነው። እሱን ካባረራችሁብኝ እኔ ከወለንጪቲ ድረስ ለማን ልናገር እመጣለሁ?»

አረጋሽ ቋጠሮውን ፈታችው፤ አጥብቃው ስለነበር በጥርሷ ጭምር ነው የፈታችው። ጋሼ ዘንጋቸውን መሬት ላይ መቱ። እኔ ወንበሬ ላይ እንድቀር፣ አረጋሽ ግን ከእንግዲህ ከጎኔ ተቀምጣ መስመሩን በጣቷ እንድትከተል ፈረዱ። ደብዳቤውን ቀደው ጣሉት። አራቱን ገጾች አረጋሽ አጥፋ ኪሴ ውስጥ ከተተችልኝ፤ አላየችኝም።

ዳንኩ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን ወንበሩ ላይ ቁጭ ብዬ የኑሬን ንግግር በልቤ እየደገምኩ ነበር። ስድስት ቀን ተቀምጬ፣ ሰርዤ ደልዤ ከጻፍኩት ከአራቱም ገጽ ይበልጣል። እሱ ደግሞ ቆሞ፣ ሳያስብ፣ ለእኔ ብሎ ነው የተናገረው። ቢያንስ ተጠቃሚው እኔ ባልሆን ኖሮ ያስችለኝ ነበር ብዬ አሰብኩ። እንደዚያ ቀን ቀንቼ አላውቅም።

ውጭ ስንወጣ ኑሬ የፈረሱን እርካብ እያስተካከለ ጠበቀኝ። ወደ ሱቁ በር ዞር ብሎ አየና፣ ማንም እንደማይሰማ ሲያረጋግጥ፣ እንደማፈር እያለ ጠየቀኝ።

«አንተ የተማርክ ነህ፤ እውነቱን ንገረኝ። ደህና ተናገርኩ?»

መልሱን አውቀዋለሁ። ምላሴ ላይ ነበር። የሚጠብቀውም ከሌላ ከማንም ሳይሆን ከእኔ እንደሆነ ዓይኑ ይናገራል።

«ምንም አይልም» አልኩት።